መክብብ የሞላው ፎርም

ማክሰኞ፣ ማርች 4
ዛሬ ኦፍ ነኝ፣ ስራ የለኝም። ትናንት አረጋውያን የምጦርበት ነርሲንግ ሆም ደብል፣ ሁለት ሺፍት ሰርቼ ወገቤ አልታዘዝ ብሏል። ልብስ ሳጥብ የመክብብ ሱሪ ኪስ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። ከካውንቲው ፍርድ ቤት የአሻራ ቀጠሮ። የአሜሪካ ሲቲዝን ከሆነ ዘጠኝ ዓመቱ... ባሌ የምን አሻራ ነው የሚሰጠው?
ሲገባ ጠየቅኩት። "ለስራ ነው።" ስንት ዓመት ለነዳው ታክሲ አሁን አሻራ?

ሐሙስ፣ ማርች 6
ስልክ ሲደወልለት ውጪ ወጥቶ ነው የሚያወራው። ድሮም እንዲህ ነበር እንዴ?

ቅዳሜ፣ ማርች 8
ሸዋነሽ ደወለች፣ የቸርች ጓደኛዬ፣ ማሪዬታ የምትኖረው። "ባልሽን ተኩስ መለማመጃው በር ላይ ፓርክ ሲያደርግ አየሁት። ሽጉጥ ገዛችሁ እንዴ?" ሳቅኩ።
ሴት ይዞ ይሆናል ብዬ ነበር የፈራሁት። አሁንስ ሴት በሆነ...

ማክሰኞ፣ ማርች 11
መኪናውን ፈተሽኩ። አፈርኩ፣ ግን ፈተሽኩ። ሽጉጥ ደብቆ ለመያዝ ያስገባው የፈቃድ ማመልከቻ፣ ኮፒው። አሻራው ለዚህ ኖሯል። አንዱ ጥያቄ፦ ባለፉት አምስት ዓመታት ለአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ተኝተዋል? "ኖ" ላይ ምልክት አድርጓል።
አስራ አንድ ቀን ነው የተኛው። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ታናሽ ወንድሙ የሞተ ጊዜ። ነርሶቹ ራሱን እንዳይጎዳበት የጫማውን ማሰሪያ ፈትተው በእጄ ነው የሰጡኝ።

ረቡዕ፣ ማርች 12
ወረቀቱን ፊቱ አስቀመጥኩ።
"ሊቶኒያ ላይ አንዱ ተሳፋሪ ቢላ አወጣብኝ። ጃንዋሪ ላይ።"
"ለምን አልነገርከኝም?"
"ብነግርሽ መንዳቱን ታስቆሚኛለሽ።"
እውነት ይመስላል። "ታዲያ ለምን ኖ አልክ?"
"እብድ ነኝ ብዬ ልፈርም፣ ወይንዬ?" ዓይኑን አሸሸ።

ዓርብ፣ ማርች 14
ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ የሚውጠውን መድኃኒት ላመጣለት ፋርማሲ ሄድኩ። ከዲሴምበር ወዲህ ሪፊል አላደረገም፣ አንድም ብልቃጥ አልወሰደም። በየጠዋቱ ሲውጥ የማየው ምንድነው ታዲያ? ቫይታሚን?
ፍርድ ቤት ሄጄ ሆስፒታል መተኛቱን ብናገር ዳግመኛ አያምነኝም። ባልናገርስ?

ሰኞ፣ ማርች 17
ከስራ ቀረሁ። የፍርድ ቤቱ ፓርኪንግ ውስጥ አርባ ደቂቃ ተቀመጥኩ። ከዛ ደወልኩለት። "ወይ ትመጣለህ፣ ወይ ብቻዬን እገባለሁ።"
መጣ። መኪናዬ ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ።
"ቢላው እውነት ነው" አለ። "መጀመሪያ ለዛ ብዬ ነበር። መለማመጃው ላይ ግን የሚያከራዩትን ሽጉጥ ስይዝ ያን ሰውዬ አላሰብኩም። ራሴን ነው ያሰብኩት። እና... እፎይ አልኩ። እፎይ ማለቴ አስፈራኝ።"
እጁን ያዝኩት። በረዶ ነው። አብረን ገባንና ማመልከቻውን አሰረዘ። ጸሐፊዋ ለምን ብላ እንኳ አልጠየቀችም። ከፓርኪንጉ ሳንወጣ ለሐኪሙ ደወልን።

ሐሙስ፣ ማርች 20
ሐኪሙ ጋ ገባን። "አንቺ ንገሪው" አለኝ መክብብ። "አንተ ንገረው" አልኩት። ነገረው። ሁሉንም። መድኃኒቱን እንደገና ጀመረ።
አሁንም እጠረጥራለሁ። ሻወር ቤት ገብቶ ሲቆይ በሩ ስር ሄጄ አዳምጣለሁ። ዛሬ ግን አንኳኳሁ።
"እንዴት ነህ?"
"ጥሩ አይደለሁም" አለኝ ከውስጥ።
ሁለት ዓመት ሙሉ "ደህና ነኝ" ብቻ ሲለኝ ኖሮ... ዛሬ አመንኩት።