የልጄን የትምህርት መስክ ከባልዲ ላወጡልኝ ርዕሰ መምህር

ለተከበሩ አቶ አስረስ በፍቃዱ፣
የጭላንጭል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርና የእጣ አውጪ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ላፍቶ፤ ባሉበት።

የተከበሩ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? የወገብዎ ሕመም ታገሰልዎት ወይ? ባለፈው ክረምት ሲያፈስ የነበረው የቢሮዎ ጣሪያስ? በእርስዎ በኩል ሁሉ ደህና እንደሚሆን ተስፋዬ ጽኑ ነው። እኛ ቤትም ላሞቹ ደህና ናቸው፣ ባለቤቴ ተናኘ ደህና ናት፣ እኔም ከደም ግፊቴ በስተቀር ደህና ነኝ። ልጃችን ኦብሴ ግን በእርስዎ ባልዲ ውስጥ እጇን ከከተተች ጀምሮ ደህና አይደለችም። ይህንን ደብዳቤ ለመጻፍ የተነሣሁትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ስሜ ጉተማ ኮርሳ ይባላል። ፉሪ ጫፍ ላይ ላሞች አርብቼ ወተት እሸጣለሁ፤ የሰፈራችን እድር ጸሐፊም ስለሆንኩ ደብዳቤ ማርዘም ይቀናኛል፣ ለዚህ ከወዲሁ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ጉዳዬን በአካል ማቅረብ ሲገባኝ በአደባባይ መጻፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ። ቢሮዎ ደጃፍ በቆምኩ ቁጥር ስብሰባ ላይ ናቸው እባላለሁ፤ በመስኮት ሳይ ግን ብቻዎን ስለሚሰበሰቡ፣ እንዲህ ያለውን ጥልቅ ስብሰባ ማቋረጥ ከብዶኝ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ጥቂት ላስረዳ። አሥረኛ ክፍልን የጨረሰ ተማሪ አሥራ አንደኛ ሲገባ ከተፈጥሮ ሳይንስና ከማኅበራዊ ሳይንስ አንዱን ይይዛል፤ ልጆቹ ናቹራልና ሶሻል የሚሉት ማለት ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናው በዚያው መስክ ይሆናል፣ ዩኒቨርሲቲ የሚመረጠውም ትምህርት በዚያው መስክ ካሉት ነው። ናቹራል የያዘ ሕክምናን፣ ምህንድስናን፣ ግብርናን ይመኛል፤ ሶሻል የያዘ ሕግን፣ ኢኮኖሚክስን፣ ታሪክን። ኦብሴ የምትፈልገው የእንስሳት ሐኪም መሆን ነው፤ ለዚህ ደግሞ ናቹራል መያዝ ግድ ነው። እንግዲህ አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በመስከረም የምትቀመጥበት ክፍል ዕድሜ ልኳን የምትሠራውን ሥራ ይወስናል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ከባድ ጉዳይ እርስዎ ለባልዲ አደራ ሰጡት።

በጳጉሜን ወላጆችን ሰብስበው፣ ናቹራል የሚፈልገው ተማሪ ካለን ወንበር በለጠ አሉን። ሌላ ሰው ቢሆን የልጆቹን ውጤት ያይ ነበር፤ ወይም ልጆቹን አንድ በአንድ ጠርቶ ያነጋግር ነበር። እርስዎ ግን ውጤት ካየን ሰነፉ ይከፋዋል፣ ፍላጎት ከጠየቅን ፍላጎት የሌለው ይከፋዋል፣ ማንም የማይከፋበት መንገድ እጣ ብቻ ነው፣ ቤት እንኳ በእጣ በሚታደልበት ከተማ ትምህርት በእጣ የማይታደልበት ምክንያት የለም ብለው በሰንደቅ ዓላማው ሥር ቆመው አስረዱን። ንግግርዎ ያማረ ስለነበር ግማሹ ወላጅ አጨበጨበ። ሶሻል በገዛ ፈቃዳቸው የጠየቁትም ልጆች እጣው ውስጥ እንዲገቡ ሲወስኑ ግን ጭብጨባው ቀዝቀዝ አለ፤ ፍትሕ ሲበዛ ሰው ይደነግጣል መሰለኝ።

ከዚህ በታች ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ። ቅሬታ ያልኳቸው ሌላ ቃል አጥቼላቸው ነው እንጂ አብዛኞቹ አድናቆት ናቸው።

አንደኛ፦ ባልዲው የመጸዳጃ ቤት መወልወያው ባልዲ ስለነበረና ታጥቦ በቅጡ ስላልደረቀ እጣዎቹ ረጠቡ። ኮሚቴው ግልጽነትን ስለሚያከብር ሁላችንም እያየን ሣር ላይ አሰጣቸው። ነፋስ መጣ። ጥቂት የናቹራል ቦታዎች አጥር ተሻግረው ሄዱ፤ የስፖርት መምህሩ ከኋላቸው ሮጦ አብዛኞቹን አስመለሰ፣ አንዱን ግን የጎረቤት ፍየል ቀድማው በላችው። ኮሚቴው ከተመካከረ በኋላ የተበላው እጣ እንደወጣ ይቆጠራል ብሎ ወሰነ። በዚህም ምክንያት ዛሬ በናቹራል ክፍል አንድ ወንበር ባዶውን ተቀምጧል፤ ዕድለኛዋ ፍየል እስካሁን ለምዝገባ አልቀረበችም። ልጄ እዚያ ወንበር ላይ ብትቀመጥስ ብዬ ብጠይቅ፣ የሌላ ባለዕድል መብት መንካት አይቻልም የሚል መልስ ተሰጥቶኛል። ከብት አርቢ እንደመሆኔ፣ ለፍየል መብት ስላሳዩት ተቆርቋሪነት ከልብ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፦ እጣ ያለ ባዶ እጣ አያምርም ተብሎ፣ ምንም ያልተጻፈበት አንድ ወረቀት ከሌሎቹ ጋር ተደባልቆ ነበር። እሱ ለወይዘሮ አምሳለ ልጅ ለያኤል ደረሳት። ወይዘሮ አምሳለ ወረቀቱ ሳይነበብ እልል ማለት ጀምረው ስለነበር እልልታው መሐል ላይ ተቋርጦ ቀረ። ያኤል ዛሬ ናቹራልም አይደለች፣ ሶሻልም አይደለች። ተጠባባቂ ተብላ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ኮሪደር ላይ ወንበር ወጥቶላታል፤ ከግራ ፊዚክስ፣ ከቀኝ ጂኦግራፊ ትሰማለች። እናቷ ዩኒቨርሲቲ ስትደርስ ምን ትመርጣለች ብለው ቢጠይቁ፣ ለኮሪደር ተማሪ የሚሆን ነገር ካለ ወደፊት ይታያል ተብለዋል። ወይዘሮ አምሳለ ወደፊት እያዩ ነው።

ሦስተኛ፦ ይህንን ባለቤቴ አንብባ፣ እንዲህ ያለ ነገር ለተማረ ሰው አይጻፍም ስላለችኝ አውጥቼዋለሁ። ቦታውን ክፍት ትቼልዎታለሁ፤ ራስዎ ይገምቱት።

አራተኛ፦ መካኒሳ ጨርቅ የሚነግዱት የአቶ አብደላ ልጅ መርዋ ሕግ ማጥናት ትፈልጋለች። ከልጅነቷ ጀምሮ በክርክር የረታት የለም፤ አባቷ ሱቃቸውን ሲዘጉ እንኳ ምክንያት እንዲያቀርቡላት ትጠይቃለች። ደም ስታይ ደግሞ ራሷን ትስታለች፤ ባዮሎጂ መጽሐፍ ላይ ያለውን የልብ ሥዕል አይታ ከወንበር ወድቃለች። ለእሷ ናቹራል ወጣላት። ለኦብሴ ሶሻል ወጣላት። እኔና አቶ አብደላ ልጆቻችንን ይዘን ስብሰባዎ ባለቀበት በአንዲት ብርቅ ቀን ቢሮዎ ገባንና፣ ሁለቱ ቢለዋወጡ ወንበር አይጨምር አይቀንስ፣ ሁለት ቤት ይደሰታል ስንል አመለከትን። እርስዎም በትዕግሥት አዳምጠውን፣ እጣ የወጣለት ሰው አምስት ዓመት ሳይሞላው ለሌላ ማስተላለፍ እንደማይችል፣ ይህም ደንብ ከኮንዶሚኒየም ቤቶች በቀጥታ የተወሰደና የተፈተነ መሆኑን አስረዱን። አቶ አብደላ፣ ልጆቹ እኮ በሁለት ዓመት ጨርሰው ይሄዳሉ ቢሉዎት፣ እንግዲያው ከሄዱ በኋላ ተመልሰው መጥተው መለዋወጥ ይችላሉ አሉ። ስለ ቸርነትዎ ፈጣሪ ይስጥልን። መርዋ ይግባኝ ልትጽፍ ተነሥታ ነበር፤ ይግባኝ መጻፍ የሶሻል ሥራ ስለሆነ አይመለከትሽም መባሏን ሰምቻለሁ።

ይህ በሰፈር ከተወራ ወዲህ የቤት ኪራይ ደላላ የነበረው በንቲ ፉሪን ትቶ ትምህርት ቤቱ በር ላይ መዋል ጀምሯል። ናቹራል ኖሮት ሶሻል የሚፈልግ፣ ሶሻል ኖሮት ናቹራል የሚፈልግ እያለ ይጣራል። እኔንም ጎተት አድርጎ፣ ጋሼ ጉተማ አንድ አሪፍ ናቹራል አለኝ፣ ከሰሌዳው ፊት ለፊት ነው፣ ጣሪያው አያፈስም፣ ከዚህ በፊት ሰው አልገባበትም አለኝ። የማን እንደሆነ ስጠይቀው የፍየሏን ባለቤት እያግባባ መሆኑን በጆሮዬ ነገረኝ።

አምስተኛ፦ ምክትልዎ መምህርት ፀሐይወርቅ ኦብሴን አስጠርተው ስላጽናኑልን እናመሰግናለን። እንስሳትን የሚወድ ሰው በሶሻልም ቢሆን ሊያገለግላቸው እንደሚችል፣ ላም ስትታመም የሚያክማት ብቻ ሳይሆን ታሪኳን የሚጽፍላትም እንደሚያስፈልግ መክረዋታል። እኔ በበኩሌ ላሞቼን ጠይቄያለሁ፤ መርፌው ይቅደምልን ይላሉ። ሶሻልን ዝቅ አድርጌ የተናገርኩ እንዳይመስልብኝ። መርዋ እኮ ስታለቅስለት የሰነበተችው እሱኑ ነው፤ ወንድሜም ታሪክ አስተማሪ ነው፣ እቤታችን እሱ ሲናገር ሁላችንም ዝም ብለን እናዳምጣለን። ኦብሴም ሞክራለች። የጂኦግራፊ መምህሯ ስለ አዋሽ ተፋሰስ ሲጠይቋት እዚያ አካባቢ ከብቱን የሚያጠቃውን በሽታ ከነምልክቱ፣ ከነመከላከያው ዘርዝራ ጻፈች። ዜሮ አገኘች። መምህሩ ትክክል ናቸው፤ የጠየቁት ስለ ወንዙ ነበር።

የተከበሩ ሆይ፣ እዚህ ላይ ለጥቂት መስመር ቀልዱን ልተወው። ልጄ ታሳዝነኛለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዩኒፎርሟን እንኳ ሳታወልቅ በረት ትገባ የነበረች ልጅ ናት። የእንስሳት ሐኪማችን ዶክተር ሁንዴሳ ፉሪ ሲመጣ ቦርሳውን ተሸክማ ከቤት ቤት ትከተለው ነበር፤ በጥያቄ ስለምታደክመው ይህቺ ልጅ አንድ ቀን ተክታኝ እገላገላለሁ ይል ነበር። አሁን ድምፁን ስትሰማ ጓዳ ትገባለች። ለምን እንደማትወጣ ብጠይቃት፣ አባዬ ምን ያደርግልኛል አለችኝ። አልቻልሽም ተብላ ቢሆን ተቀብዬ አጽናናት ነበር፤ ውጤቷን ግን ያየው ሰው የለም፣ ምን ትፈልጊያለሽ ያላትም የለም። በዚህ ወር መጨረሻ የተማሪዎቹ ምደባ ወደ ክፍለ ከተማው ይተላለፋል፤ ከዚያ ወዲያ እርስዎም ቢጸጸቱ የሚመልሰው የለም። ስለዚህ ተናድጃለሁ፣ እንቅልፍም አጥቻለሁ። ይህንን ሳልሸፋፍን ብነግርዎት ይሻላል።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ትምህርት ቤቱ የቆመበት መሬት በአያቴ ዘመን እርሻችን ነበር። አያቴ መሬቱን አይተው፣ አፈሩን በእጃቸው ፈርከስ አድርገው፣ እዚህ ጤፍ፣ ውሃ የሚተኛበት ላይ ደግሞ ጓያ ይዘሩ ነበር። ዘሩን ሁሉ ባልዲ ውስጥ አናውጠው የወጣላቸውን ቢበትኑ ኖሮ ምን ያህል ፍትሐዊ ገበሬ ይሆኑ እንደነበር ሳስብ፣ ስለ ኋላ ቀርነታቸው በእሳቸው ፈንታ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በእድራችንም የእርስዎን አሠራር እንድንቀበል ሐሳብ ቀርቧል። ድንኳኑ እስካሁን ሰው ለሞተበት ቤት ብቻ ሲተከል መኖሩ አድልዎ ነው፣ ያልሞተባቸው አባላት ምን አጠፉ የሚል ተነሥቶ፣ ከእንግዲህ በእጣ ይተከል ተብሏል። አቶ ሮበሌ፣ ድንኳኑ ከደረሰኝማ ማን እንደሚሞት ቤተሰቤን ሰብስቤ እወስናለሁ ብለዋል። ጉዳዩ በቀጣዩ ስብሰባ ይታያል፤ እርስዎም በክብር እንግድነት ቢገኙልን ደስታውን አንችለውም።

ልመናዬ አጭር ነው። ምደባው ከመተላለፉ በፊት ኦብሴና መርዋ ይለዋወጡ። ያኤልም ከኮሪደር ትግባ፤ ልጅቷን ብርድ እየመታት ነው። የፍየሏን ጉዳይ ለኮሚቴው ጥበብ ትቼዋለሁ።

የወንበርዎ እግር እንዳይላላ፣ ብቻዎን የሚቀመጡበት ስብሰባ ምልዓተ ጉባኤ እንዳይጎድልበት፣ ባልዲዎም ለከርሞ እጣ ደርቆ እንዲቆይልዎ እየተመኘሁ፣ ከፉሪ እስከ ላፍቶ በሚደርስ እጅ መንሣት፣ በታላቅ አክብሮት፣

ጉተማ ኮርሳ
የእድር ጸሐፊ፣ ወተት ሻጭ፣
ለጊዜው የሶሻል ተማሪ አባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ልልክ ስል ዛሬ ጠዋት ባለቤትዎ እያለቀሱ ደጃችን መጡ። ለካ እርስዎም ሀና ማርያም በኩል የፈረንጅ ላም ያረባሉ፤ ምጥ ይዟት ጥጃው በእግሩ መጥቶ አልወጣ ብሏል፣ ሐኪሙም ስልኩን አያነሣም። እኔ ለፍትሐዊነት ማን እንደሚሄድ እጣ እናውጣ ብዬ ሐሳብ አቅርቤ ነበር፤ ኦብሴ መልስ ሳትሰጠኝ ቦቲ ጫማዋን አጥልቃ ከጓዳ ወጣች፣ ባለቤትዎን አስከትላ ሄደች። እንኳን ደስ ያለዎት፤ ጥጃዋም እናቷም በሕይወት አሉ። ያዋለደቻት የሶሻል ተማሪ መሆኗን ለላምዎ አልነገርናትም።