ለስለሺ የቀረችው ዶሮ

ትሩፋት፣

ለወንድሜ ለስለሺ ብዬ ካሳደግኋቸው ሁለት ዶሮዎች አንዷን ትናንት ሳትጠይቂኝ ለእንግዶችሽ አሳረድሽ። ለመሆኑ ቤት ያደገች ዶሮ በአንድ ሰዓት ትበስላለች ያለሽ ማነው? ሁሉም ማኘክ አቅቶት ሥጋውን ሳህን ላይ ትቶት ሄደ።

የቀረችውን ዛሬ ጠዋት አሳርጃለሁ። ታጥባ ድስቱ ውስጥ ናት። ከሥራ እንደገባሽ ላምባ ምድጃው ላይ ጣጂያት።
እሳቱን ዝቅ አድርጊ።
ውሃው ሲያልቅ የፈላ ጨምሪበት፤ ቀዝቃዛ ካፈሰስሽበት ሥጋው ይደርቃል።
አልጫ ነው፤ በርበሬ እንዳታስነኪው።
ከአጥንቱ እስኪላቀቅ እንዳታወጪው።

ትናንት በሰው ፊት መጮኼ ደግ አልነበረም። ቢሆንም...

ስለሺን ልቀበል አውሮፕላን ማረፊያ ሄጃለሁ። ጦር ግንባር ላይ መንጋጋውን ተመትቷል፤ ማኘክ አይችልም። ደብዳቤውን እኮ አንብቤልሻለሁ።

አበዛሽ