ዶክተር ኪዳነወልድ ሐዲስ እና ድንገተኛ ያልነበረው ሕመማቸው

ዶክተር ኪዳነወልድ ሐዲስ ከአባታቸው ከአቶ ሐዲስ ወልደየስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ በላይነሽ ገመዳ በ1966 ዓ.ም. በአዳማ ከተማ ተወለዱ። የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ የነበሩት አባታቸው በልጅነታቸው ስላረፉ፣ ያሳደጓቸውም ያስተማሯቸውም ታላቅ ወንድማቸው አቶ አምባዬ ናቸው። ይህን ማንም አይክድም።

አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚሁ አዳማ አጠናቀው፣ በአዲስ አበባ በፊዚክስ ተመረቁ። ከዚያም ውጭ አገር ሄደው በሕክምና ፊዚክስ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ይዘው ተመለሱ። በመመለሳቸውም እንደ ሞኝ ታምተዋል። ጎረቤት ፊዚክስ መማራቸውን ሰምቶ ዲሽ እንዲያስተካክሉለት ይጠራቸው ነበር፤ እሳቸውም ሳያጉረመርሙ ጣሪያ ላይ ይወጡ ነበር።

በ1998 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሎሚ ጀቤሳ ጋር ትዳር መሥርተው ሞቲን እና ጂጂን ወልደዋል።

ሥራቸው የካንሰር ሕሙማን በጨረር ሲታከሙ ጨረሩ የት፣ ከየትና ምን ያህል እንደሚያርፍ ማስላት ነበር። ምርምራቸው ደግሞ ትንሽ የአንጎል ዕጢን፣ ጭንቅላት ሳይከፈትና ጤነኛው ክፍል ሳይጎዳ፣ በጨረር መምታት ላይ ነበር። ተማሪዎቻቸውን የሚያስጠነቅቁት ዕጢው ሳያድግ መድረስ እንዳለባቸው ነው፤ ካደገ ጨረሩ ጤነኛውንም ይዞ ይሄዳል ይሉ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ራሳቸውን ያማቸው ጀመር። እዚህ ላይ «ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም» ተብሎ እንዲነበብ ከቤተሰብ ታዞ ነበር። የዚህ ታሪክ ጸሐፊ፣ የባለቤታቸው እህት ኮከብ ጀቤሳ፣ አልታዘዘችም። ሕመሙ ድንገተኛ አልነበረም። የጭንቅላት ምርመራ ፊልም በተነሡበት ክሊኒክ ውጤቱ እንደ ልማዳችን ለታማሚው ሳይሆን ለታላቅ ወንድም ተነገረ። ትንሽ ዕጢ ነበር። አቶ አምባዬ «እንዳይነገረው፤ ከሰማ በድንጋጤ ይሞትብናል» ብለው ወሰኑ፤ ለወይዘሮ ሎሚ እንኳ አልነገሩም። ታማሚው ሳይነስ ነው ተባሉ። ፊልሙን ቢጠይቁ ክሊኒክ ቀርቷል አሏቸው። አባት የሆናቸውን ሰው እንዴት ብለው ይጠርጥሩ? ማታ ማታ ባሕር ዛፍ እየታጠኑ፣ ጠዋት የሌላውን ሰው ዕጢ ለመለካት ሥራ ይገቡ ነበር።

በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ሕመሙ ሲጠና አቶ አምባዬ ሳይነሱን እንይልህ ብለው ሌላ ፊልም አስነሧቸው። ቀጥሎም የሁለቱንም ፊልሞች ስም ያለበትን ጥግ በመቀስ ቆርጠው ቢሯቸው ድረስ ይዘው መጡ፤ «የአንድ ወዳጄ ነው፤ በጨረር ይድናል?» ሲሉም ጠየቋቸው። የሥራ ባልደረባቸው አቶ አብዱናሲር እዚያው ነበሩ። ዶክተር ኪዳነወልድ ፊልሞቹን በመስኮቱ ብርሃን ተመለከቱ። የመጀመሪያውን አይተው «ይሄ እኮ በአንድ ቀን ያልቅ ነበር» አሉ። ሁለተኛውን ለክተው ተቆጡ። «አሁን አልፎበታል። ምን ሲጠብቁ ነበር? ሰውዬው ዘመድ የለውም እንዴ?»

አቶ አምባዬ ማልቀስ ጀመሩ። ዶክተሩ የተቆረጠውን ጥግ አዩ፤ ወንድማቸውን አዩ፤ ከዚያም አቶ አብዱናሲር ወጥተው በሩን እንዲዘጉላቸው ለመኗቸው።

ከዚያ በኋላ ቀዶ ሕክምናም ጨረርም ተሞክሮ አልሆነም። ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ51 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተው፣ ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ በአዳማ ይፈጸማል።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ወንድማቸውን እና ሻሸመኔ በአክስታቸው ቤት የሚጦሩትን እናታቸውን ወይዘሮ በላይነሽን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በቅዱሳኑ ማረፊያ ያኑርልን፤ ልጆቻቸውንም ያጽናልን።

እናታቸው ገና አልተረዱም። አቶ አምባዬ እንዳይደነግጡ ብለው፣ ለቀስተኛው ሁሉ እንዳይነግራቸው አደራ ብለዋል።