ጠዋት የሚያመው እግር

ረቡዕ፣ ጥር 6። ከቀኑ 11 ሰዓት

በረንዳው ጫፍ ላይ ተረከዝ ማንሳት። በሁለት እግር። ወደ ላይ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ታች። ዛሬ ምንም አላመመኝም። ምንም! ከታዘዘልኝ በላይ ሠራሁ፣ ጨመርኩበት። በድሩ ከፍራሹ ላይ ሆኖ አጨበጨበልኝ፤ ጉንጩ በጫት ተወጥሯል። የእኔም እንደዚያው። የትምህርት ቤታችን የሒሳብ መምህር ነው፣ በርጫው ሁልጊዜ እሱ ቤት ነው።

አየህ ደብተር፣ መስከረም ላይ በመምህራን ጨዋታ የተረከዜ ጅማት ሲበጠስ ሰው ከኋላ የረገጠኝ መስሎኝ ልሳደብ ዞርኩ። ማንም የለም። ከዚያ ጀሶ፣ ክራንች፣ ባጃጅ። አሁን ግን እየመጣሁ ነው። ር/መምህሩ ሁለተኛው መንፈቅ ሲጀመር ሜዳ መውጣት ካልቻልክ ቤተ መጻሕፍት እመድብሃለሁ ብሎኛል። እኔን! ከስፖርት ሌላ ምን አስተምሬ አውቃለሁ?

ዓርብ፣ ጥር 8

ከሰዓት ሆስፒታል። ሀናን ባቴን በሜትር ለካች፤ የግራው ከቀኙ ቀጥኗል። ፊዚዮቴራፒስት ናት፣ የገለምሶ ልጅ። ከተማሪዎቼ ብዙም አትበልጥም፣ ስታዝ ግን ጄኔራል ናት። ጡንቻ ቶሎ ይመለሳል፣ ጅማት ግን ደም እንደ ልብ ስለማይደርሰው ቀርፋፋ ነው ትላለች። ሸክም ካልቀመሰ አይጠነክርም፣ ከበዛበት ደግሞ ይቆጣል። ያምዎታል ወይ አለችኝ። በፍጹም አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። ደስ አላት። በአንድ እግር እንድጀምር ፈቀደች፣ በሌላው ትንሽ እየታገዝኩ።

ስወጣ “ሱታ፣ መምህር፣ ቀስ ይበሉ” አለችኝ። ቀስ ማለት አልፈጠረብኝም።

ረቡዕ፣ ጥር 13። ጠዋት

ከአልጋ ስወርድ ጮህኩ። ተረከዜ አብጧል። ጅማቱ እንደ አውራ ጣት ወፍሯል፣ ሲነኩት ይሞቃል። ጥምቀትን ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው ያሳለፍኩት፣ ሰበቡ እሱ አይደለም። ትናንት በድሩ ቤት በአንድ እግር ሠራሁ፣ እሱም ቢሆን ቅንጣት አላመመኝም። ታዲያ ይሄ ከየት መጣ? ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

እንደገና ተበጥሷል። አለቀልኝ። ዛሬ መጻፍ አልፈልግም።

ዓርብ፣ ጥር 15

አልተበጠሰም! ሀናን በሆዴ አስተኝታ ባቴን ጨመቀችው፣ እግሬ ተንቀሳቀሰ። ጅማቱ ተያይዟል ማለት ነው። ተመስገን።

ቀጥሎ ምርመራው። ፖሊስ ይሻላል። መቼ ነው የምሠራው? ከሰዓት። የት? በድሩ ቤት። ከጫት በፊት ወይስ በኋላ? እየቃምኩ አልኩ። መጀመሪያ ሳቀች፣ ኋላ በራሷም በእኔም ተናደደች። “ወላሂ፣ እኔ ነበርኩ መጠየቅ የነበረብኝ! እዚህም ሲመጡ መርቅነው ነው፣ አያምም ሲሉኝ አመንኩዎት” አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምርቃናው ሕመሙንም ድካሙንም ይሸፍናል። ጅማቱ ግን አልቃመም። ሸክሙን በሙሉ ተሸክሞ ያድራል፣ ጠዋት ይናገራል። በዚያ ላይ ራት አልበላም፣ አልተኛም። ሰውነት ደግሞ የሚጠገነው ስንሠራ ሳይሆን በልተን ስናርፍ ነው አለችኝ። ይህን እኮ እኔ ራሴ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ!

አዲሱ ትእዛዝ፦ ጠዋት፣ ምንም ሳይቃም። ትንሽ ቢያም ግድ የለም። በማግስቱ ጠዋት ሕመሙ ከብሶ ካገኘሁት ግን መቀነስ።

ረቡዕ፣ ጥር 20። ጠዋት

ያለ ጫት። በአንድ እግር ሞከርኩ። ተረከዜ ከመሬት አልተነሳም። ጨርሶ! እግሬ ብቻ ተንቀጠቀጠ። ያ ሁሉ ጀግንነት የቅጠሉ ነበር። ተናደድኩ፣ ጫማ ወረወርኩ። ወደ ሁለት እግር ተመለስኩ።

ከሰዓት። በድሩ ደወለ፣ አላነሳሁም። ማዛጋት፣ ራስ ምታት። ብቻዬን ነኝ፣ ከፍቶኛል።

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ዛሬ ከአልጋ ወርጄ፣ ግቢውን አቋርጬ፣ ፊቴን ከታጠብኩ በኋላ ነው እግሬ ትዝ ያለኝ። ገባህ ደብተር? ረስቼው ነበር!

እንቅልፌ መጥቷል። እንቁላል በልቼ አልጠግብም። አሸዋ የሞላሁበት ቦርሳ አዝዬ ነው የምሠራው። በሆስፒታሉ የቆመ ብስክሌትም እነዳለሁ፤ ዳገቱን ሳላለከልክ መውጣት ጀምሬያለሁ።

በድሩ ተቀይሜው እንደሆነ ሊያይ በጠዋት መጣ። አጠገቤ ቆሞ ተረከዝ ያነሳ ጀመር፣ ወዲያው ቁና ቁና ተነፈሰ። በሳቅ ሞትን። ያለ በርጫ የምናወራው የምናጣ መስሎኝ ነበር። እንዲያውም አላባራንም።

ሐሙስ፣ የካቲት 12

ሁዳዴም ረመዳንም ገብቷል። ሀናን ከንፈሯ ደርቆ ታሠራኛለች፣ እኔን ግን ምስርና ሽምብራ ያብዙ ትለኛለች፤ ጡንቻ ከባዶ አይሠራም። ር/መምህሩ ሰኞ ቁርጡን ንገረኝ አለ። ሀናንም የምትፈትነኝ ሰኞ ነው፣ በግራ እግር ብቻ።

ፈራሁ። አንድ ዙርባ ጫት ቅሜ ብሄድ እንደምነሳ አውቃለሁ። ማንም አያውቅብኝም። በእውነት ቃጣኝ፣ ለአንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ።

ሰኞ፣ የካቲት 16። ከሰዓት

ሳልቅም ሄድኩ። ግድግዳውን በጣቴ ብቻ ነካሁ። ቀኝ እግሬን አጠፍኩ። ገፋሁ። ባቴ ተንዘፈዘፈ፣ ላብ ጀርባዬ ላይ ወረደ። ተነሳ! የቀኙን ግማሽ ቢሆን ነው፣ ግን ተነሳ። ደገምኩት፣ ደግሞ ተነሳ። ሀናን ማሻአላህ ብላ ጮኸች። እኔ አለቀስኩ። ትልቅ ሰው፣ ፊሽካ ይዤ ስንቱን ያስለቀስኩ፣ እንደ ሕፃን።

ከዚያ እውነቱን ነገረችኝ። ሩጫ ገና ነው። ዝላይ ጨርሶ አይታሰብም፣ ወራት ይፈልጋል። ማንከሱም ይቆይ ይሆናል።

ር/መምህሩ ጋ ገባሁ። ቻልክ ወይስ አልቻልክም አለኝ። እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኬን መጀመሪያ ራሴ ዘልዬ ካላሳየሁ ያስተማርኩ የማይመስለኝ ሰው ነኝ። አሁን መዝለል አልችልም። ግን አንድ እግር እንዴት ከሞት እንደሚመለስ በአጥንቴ አውቃለሁ፣ ይህን ባለፈው ዓመት አላውቅም ነበር። ቤተ መጻሕፍት አልገባም፣ ሳልዘልም አስተምራለሁ አልኩት። ተማሪ ይስቅብሃል አለኝ። ይሳቅ አልኩ። እንግዲህ ሞክረው አለኝ።

ነገ ጠዋት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የዘጠነኛ ክፍል ነው። እያነከስኩ ሜዳ እወጣለሁ።