የእንቁራሪቷ ማሞቂያ

ኅዳር 8፣ ረቡዕ

ታላቅ እህቱን በመኪና የሚያመላልስ ሰው ትርፉ ምንድን ነው? የተገነጠለ በር። እትዬ የእንቁራሪቷን በር የምትዘጋው እንደ መጋዘን በር ነው። ዛሬ የመስኮቱ መዘውር ተነቅሎ እግሬ ሥር ወደቀ።

«ቀስ በይ እንጂ፣ አሮጊት ናት!» ብላት፣

«እኔስ?» አለችኝ።

እንቁራሪት ያልናት አረንጓዴ ስለሆነች፣ ዓይኖቿም ስለሚፈጡ ነው። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚያቀዘቅዘውም ውሃ ሳይሆን ነፋስ። ማሞቂያዋም በነፋስ ነው የሚሠራው። ነፋሱ የጋለውን የጭስ ቧንቧ በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ይዞረውና ሞቆ ወደ ውስጥ ይገባል። አሮጌዎቹ ሳጥኖች በዝገት አልቀው ስለነበር ባለፈው ሳምንት ተለቅ ያሉ አዳዲስ ገጠምኩላት። በገዛ እጄ! ለእትዬ ብዬ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት ስትሄድ፣ ጠዋት ጠዋት በብርድ ትንቀጠቀጥ ነበር። አሁን ውስጡ ዳቦ ቤት ሆኗል።

ግን ራሴን አመመኝ ትላለች። «ወሬዬ በዝቶብሽ ነው» አልኳት።

ኅዳር 10፣ አርብ

እትዬ ክሊኒኩ በር ላይ ስትወርድ ተንገዳገደች። አስታወከች። ነርሷ ደግፋ አስገባቻት። እኔም ግንባሬን ከብዶኝ ነበር... እንቅልፍ ነው ብዬ ተውኩት።

የእህቴ ልጅ ደወለች። ፋብሪካ ውስጥ የሠራተኞች ደህንነት ተቆጣጣሪ ናት፤ የማያስፈራት ነገር የለም።

«አጎቴ፣ ስትመለሱስ አመማት?»

«ኧረ እየሰደበችኝ ነው የመጣችው።»

«ስትመለሱ ማሞቂያውን ትከፍታለህ?»

በቀትር ፀሐይ ማን ይከፍታል? «አልከፍትም፤ ግን ጭስ እኮ አልሸተተኝም» አልኳት።

«የሚገድለው አይሸትም። እማዬ እዚያ መኪና ውስጥ አትገባም። አለቀ።»

ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ትከሻዬ ላይ ያደገች ልጅ! ግን ልክ ናት... እህቴን ልገድላት ነበር ማለት ነው? እንድትሞቅ ብዬ? ቀልድ ፈለግኩ፣ አልመጣም።

ኅዳር 11፣ ቅዳሜ

እንቁራሪቷን ጎሚስታው ጋ ወሰድኳት። ጎማ በሚነፋበት ኮምፕሬሰር በጭስ ማውጫዋ በኩል ቀስ አድርጎ እንዲነፋልኝ ለመንኩት።

«የምትነፋ እንቁራሪት ገና ዛሬ አየሁ» አለ።

እሱ ነፋ፣ እኔ ሥሯ ተጋድሜ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ ሳሙና ቀባሁ። የጭሱን ድምፅ የሚያፍነው ማርሚታ ከቧንቧው ጋር የሚገናኝበት ላይ አረፋው ፈላ። «ያዝኩሽ!» ብዬ ስነሳ ጭንቅላቴን ከመከላከያዋ ጋር አጋጨሁ። ማሰሪያውን ቀየርኩ፣ አጠበቅኩ። አረፋ የለም። ጎበዝ ነኝ።

ኅዳር 12፣ እሑድ

ጎበዝ አይደለሁም።

የእህቴ ልጅ ከፋብሪካው አስፈቅዳ የመርዛማ ጋዝ መለኪያ ይዛ መጣች። መሪው ላይ አንጠለጠለችው። ሞተሩን አስነስቼ፣ ማሞቂያውን ከፍቼ ወጣሁና በሩን ዘጋሁ። ውጭ ቆመን በመስታወቱ እናያለን። ብዙም ሳይቆይ ጮኸ።

«እሷ ናት፤ እንቁራሪት መጮኋ የታወቀ ነው» አልኩ።

አልሳቀችም። «አጎቴ፣ ሞተር ማን ነው ያስተማረህ?»

«ማንም።»

«ያስታውቃል።»

ኅዳር 13፣ ሰኞ

እትዬ በታክሲ ሄደች። ሹፌሩ መስኮት ከፍቶ ነው የሚነዳው አሉ። ብርዱ አጥንቷ ድረስ ገብቶ፣ ከተመለሰች በኋላ ከአልጋ አልወረደችም።

ኅዳር 16፣ ሐሙስ

ስንት ቀን ስዞራት ከረምኩ። ያ ነፋስ መጀመሪያ ከየት ነው የሚመጣው? ከሞተሩ ክፍል! ታዲያ ላይኛው በኩል ትንሽ ቢያፈስም ማራገቢያው ስቦ ወደኛ ይልከዋል። እኔ ደግሞ ሳሙና የቀባሁት እጄ የደረሰበትን ብቻ ነው። ላይኛው መጋጠሚያ በቆርቆሮ የተሸፈነ ነው።

አዳዲሶቹን ሳጥኖች መልሼ አወረድኳቸው። ቧንቧው ከሞተሩ ጋር የሚገጥምበት ቦታ ላይ ጭስ የሚከለክል የመዳብ ቀለበት አለ። አዲስ ነው ያስገባሁት። ታዲያ ዳር ዳሩን ጥላሸት ምን ያደርጋል? ቀለበቱ የሚቀመጥበትን ጎድጓዳ በካቻቢቴ ጫፍ ቆረቆርኩ... የሞተሩ አካል ነው ብዬ የተውኩት ክብ ብረት ተፈንቅሎ ወጣ። አሮጌው ቀለበት! ጠቁሮ ብረቱን መስሎ ተቀምጧል። አዲሱን በላዩ ላይ ደርቤበት ነበር፤ ባርኔጣ ላይ ባርኔጣ እንዳጠለቀ ሰው። እንዴት ይግጠም? በሌላውም ጎን ያው።

ለጎሚስታው ነገርኩት። «አስተማሪህን ክሰሰው» አለኝ።

ኅዳር 18፣ ቅዳሜ

ቦታውን አጽድቼ አንድ አንድ ቀለበት ብቻ አስገባሁ። የእህቴ ልጅ መለኪያዋን ይዛ መጣች። ቆመን ዜሮ። ዳገት ወጣን፣ ዜሮ። መኪና በተጨናነቀበት መንገድ ላይ ብቻ ትንሽ ከፍ አለና ወዲያው ወረደ፤ ከፊታችን የነበረው የጭነት መኪና ጭስ ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ እንደገና ተነሳ፤ አሁንም ዜሮ።

«በቃ፣ ሰኞ ውሰዳት» አለች። መለኪያውን ተውኩልህ ብላ ሄደች።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ኅዳር 20፣ ሰኞ

ትናንት ለእትዬ ደወልኩና «ብሎን ጎድሎኛል፣ በታክሲ ሂጂ» አልኳት። ምንም አልጎደለኝም። መለኪያውን አምነዋለሁ፤ ይህን እጄን ነው ያላመንኩት። ያን ጊዜም እኮ እርግጠኛ ነበርኩ... ማሞቂያውን ነቅዬ ብጥለውስ? እሷስ በብርድ ትለቅ?

በር ተንኳኳ። በዚህ ጠዋት ማን ነው?

እትዬ! ብቻዋን። ታክሲው ከኋላዋ ዞሮ እየሄደ ነው።

«ውጣ፣ ረፍዷል።»

«እትዬ፣ ብሎኑ እኮ...»

«ልጄ ሁሉንም ነግራኛለች። ውሸታም! ስትፈራ በልጅነትህም ታስታውቅ ነበር።»

«ከሆነ ነገር...»

«መለኪያህን ጭኔ ላይ አደርገዋለሁ። ከጮኸ አብሬው እጮሃለሁ።»

ከዚያ መልስ አልጠበቀችም። ይህችን መስመር በቁሜ ነው የምጽፋት፤ እሷ ገብታ ተቀምጣ ጥሩንባውን እየነፋች ነው፣ ሰፈሩ ሊነሳ ነው።

ልሂድ።