እስከ ወለሉ ድረስ

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ዝናብ። ጠዋት ምስር ለቀምኩ። የአባይነህን ሸሚዝ ቁልፍ ተከልኩ። ይሄ ባሌ ቁልፍ ይበላል እንዴ? በሳምንት ሁለት።

በአሥር ሰዓት ዙር ወጣን። "ዙር" የሚለው እሱ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ታክሲ ነድቶ፣ ዓይኑ ከጠፋ ሦስት ዓመት ቢያልፈውም አነጋገሩ አሁንም የታክሲ ሰው ነው። መንገዳችን ያው... ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሽቅብ ወደ ፒያሳ፣ አራት ኪሎን ዞሮ፣ ቸርችልን ቁልቁል፣ ከዚያ ቤት። እኔ እነዳለሁ፤ የት እንደደረስን የሚነግረኝ እሱ ነው። አያይም፣ ግን ማርሹን ይሰማል። አንደኛ ሳስገባ "ድልድዩን ለቀቅን" ይላል። ሁለተኛ ላይ ሞተሩ ሲያቃስት "ጊዮርጊስ ደረስን"። ሦስተኛ ሲሆን "ወደ አራት ኪሎ ለቀቅሻት"። ተሳስቶ አያውቅም።

ዛሬ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ስቀይር ካምቢዮው ጮኸ። ብረት ከብረት ሲፋጭ...

"ምን ሆነች?" አለ።

እኔ እንጃ። አሮጌ ኮሮላ ናት። ከልጃችን ትበልጣለች።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ዛሬም ጮኸች። ኋላ ማርሽማ ጭራሽ አልገባም አለ። ከግቢ ለመውጣት ሦስት ጊዜ ታገልኩ። ጎረቤት በመስኮት ያያል። ምን ያያል? የራሱን መኪና ስንት ጊዜ አስገፍቶናል።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

እንድሪስ ጋ ሄድን። ከታክሲው ዘመን ጀምሮ የአባይነህ መካኒክ ነው። ጋራዡ የነበረበት ሰፈር ከፈረሰ ወዲህ መፍቻዎቹን ይዞ ዘመዱ ግቢ ውስጥ ነው የሚሠራው። የመኪናዋን በር ከፍቶ ጎንበስ አለና ቆየ። ከዚያ በእጁ አንድ የረጠበ ነገር ይዞ ቀና አለ።

"እትዬ ሸዋረጋ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

ካርቶን ነዋ። ክረምት ሲገባ ለጭቃው ብዬ አንጥፌ... አንዱ ሲርስ ሌላ ከላይ ስጨምር አራት ደርሷል።

"ፍሪሲዮኑ እኮ እስከ ወለሉ መውረድ አለበት። እርስዎ የሚረግጡት ካርቶን ነው። ካልወረደ ሞተሩና ካምቢዮው አይላቀቁም። ሳይላቀቁ ማርሽ ሲያስገቡባት ትጮሃለች።"

አባይነህ ሳቀ። ስንት ጊዜው ነው እንዲህ ሲስቅ? "ጃንሜዳ ላይ ምን ብዬ ነበር ያስተማርኩሽ? እስከ ወለሉ ድረስ ያዥ አላልኩም?" አለኝ። ብሏል። መንዳት ሲያስተምረኝ ሦስት ወር ሙሉ ሌላ ነገር አላለም።

ተናደድኩ፣ ግን ደስም አለኝ። ካምቢዮ ማውረድ የለም፣ ምንም የለም። ካርቶን።

ሐምሌ 16

ጸጥ ብላ ዋለች። ቸርችልን ስንወርድ አባይነህ ዘፈነ። ድምፁ አያምርም።

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

ጮኸች። ካርቶን የለም፣ ምንጣፍ የለም፣ ባዶ ቆርቆሮ ነው የምረግጠው። ታዲያ ምንድን ነው?

ደግሞ ከመኪና ስወርድ የግራ ነጠላ ጫማዬ እዚያው ቀርቶ በባዶ እግሬ ጭቃ ረገጥኩ። መውለቁን እንኳ አላወቅኩም። ቀኑ ቀኔ አልነበረም።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ኪሮስ ጫማ ሰፊው ጋ። የግራ ጫማዬ አፍንጫ ተልጦ አልቋል።

"እትዬ፣ የሚበላው ግራው ብቻ ነው። ይጎትቱታል እንዴ?"

ጫማ ስፋ ሲሉት ነገር ይሰፋል። ለሁለቱም ሶል ይምታልኝ አልኩት። ሁለቱም እኩል እንዲሆኑ።

ሐምሌ 29፣ ማክሰኞ

እንድሪስ የፍሪሲዮኑን ኬብል በአዲስ ቀየረው። የካምቢዮውን ዘይትም አፍስሶ አዲስ ሞላ። አሮጌውን በጣቱ አሽቶ ለብርሃን አሳየው።

"የብረት ብናኝ የለውም። ጥርሶቹ ደህና ናቸው" አለ፤ ደስ ያለው ግን አይመስልም።

ደህና ከሆኑ ለምን ትጮሃለች? ይሄንን ጠየቅኩት። "እስኪ ይንዷትና እንያት" አለኝ። ነድቼ ነው እኮ የመጣሁት።

ነሐሴ 2፣ ዓርብ

ይሄንን መጻፍ አልፈልግም... ግን ልጻፈው።

ከጊዮርጊስ ወደ ላይ ሁለተኛው አልገባ አለኝ። በአንደኛ እያስጮህኩ ሄድኩ፣ ከዚያ ዘልዬ ሦስተኛ፣ መልሼ አንደኛ። ሰው ሁሉ ጥሩምባ ይነፋብኛል። አባይነህ ፊቱን ወዲህ ወዲያ አዞረ። ዳሽቦርዱን በእጁ ያዘ።

"የት ነን?" አለኝ።

ዙር ከጀመርን ወዲህ ጠይቆኝ አያውቅም። ሁሌም የሚነግረኝ እሱ ነው። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነብኝ። "ማዘጋጃ ቤቱ ጋ" ስለው "እሺ" አለና ቤት እስክንገባ አንድም ቦታ አልጠራም።

ፈራሁ። ዓይኑ የጠፋ ጊዜ ስምንት ወር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ስምንት ወር። በልመና ነበር የሚጎርሰው። ከዚያ ያወጣው ጸበል አይደለም፣ መድኃኒትም አይደለም። አንድ ቀን ባትሪዋ እንዳይሞት ላስነሳት ብዬ ስወጣ የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ በግድግዳው እየተደገፈ መጣ። "ዙር አዙሪኝ" አለኝ። ያን ዕለት ማታ እራቱን ራሱ ጠየቀ።

ዙር ከቀረ ወደ ግድግዳው ነው የሚመለሰው። ይሄንን አውቃለሁ።

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

ሜላት ደወለች። "እማዬ፣ አሮጌ መኪና ስትገፉ ልትሞቱ ነው? ሽጧትና አውቶማቲክ እንፈልግ።" ልጄ ደህና አስባ ነው። ለአባይነህ ነገርኩት። "ማርሽ የሌላት መኪና ውስጥ ምን እሰማለሁ?" አለ።

እውነቱን ነው።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

ከእንድሪስ ጋር ተጣላን። እኔ ነኝ የተጣላሁት። ሦስተኛ ጊዜ መመላለሴ ነው፣ ሥራህን ረስተኸዋል፣ አባይነህ ስለማያይ ነው የምታላግጠው አልኩት። አፌ...

እጁን በጨርቅ ጠረገ። "ቁልፉን ይስጡኝ" አለ። አባይነህን ከፊት፣ እኔን ከኋላ አስቀምጦ እስከ ድልድዩ ወሰደን። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ መልሶ ሁለተኛ። ኋላ ማርሽ ራሱ። ትንፍሽ አላለችም። አባይነህ "ድልድዩ" አለ ቀስ ብሎ።

እንድሪስ ቁልፉን መለሰልኝና መሬት መሬቱን አየ።

"እትዬ... እኔ ስነዳት ዝም ትላለች። መኪናዋ ጤነኛ ናት።"

ምን ማለቱ ነው? ምን ማለቱ እንደሆነ አውቃለሁ። አርባ ዓመት ሊሆነኝ ነው ስነዳ። ሴት መሪ ይዛ ስትታይ ልጆች እየሮጡ በሚከተሉበት ጊዜ ነው መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት። አሁን ፍሪሲዮን መያዝ አትችይም ልባል?

አመሰግናለሁ እንኳ ሳልለው ሄድኩ።

ነሐሴ 9

አልወጣንም። ዝናቡን አሳበብኩ። ዝናብ አልነበረም። እሱ ደግሞ ጣሪያው ዝም ማለቱን ይሰማል...

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ

ቸርችል ላይ፣ እግረኛ ማቋረጫው ጋ ቆሜያለሁ። አንደኛ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ይዣለሁ። ይዣለሁ ብዬ አስባለሁ። አንዲት ነጠላ የለበሱ አሮጊት ከፊቴ እያቋረጡ ነው። እግሬ ከፍሪሲዮኑ ላይ ሸተት አለ። አላነሳሁትም፣ በራሱ ሄደ። መኪናዋ ዘላ ሞተሯ ጠፋ። አሮጊቷን ለመግጨት ክንድ ያህል ቀርቶናል። እግራቸው ተሳስሮ ቆሙና አዩኝ። አልሰደቡኝም። "እመብርሃን ትጠብቅሽ ልጄ" ብለው ሄዱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ዳር አወጣኋትና ቆምን። አባይነህ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። ከዚያ...

"ሸዋ፣ ፍሪሲዮኑ ወለሉን ሲነካ ጠቅ ይላል። ከሰኔ ጀምሮ አልሰማሁትም።"

"ከሰኔ?"

"ከሰኔ። ካርቶኑ ሲወጣ ሁለት ቀን ሰማሁት። ከዚያ መልሶ ጠፋ። እግርሽ ነው።"

"ታውቅ ነበር? ኬብል ስናስቀይር፣ እንድሪስን እንደዚያ ስናገረው ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

እጁን ፈልጎ ጉልበቴ ላይ አኖረው። የግራ ጉልበቴ ላይ። "ከነገርኩሽ ዙር ይቀራላ" አለ።

መታሁት። ትከሻውን፣ በጡጫ። በትዳራችን የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ አብረን አለቀስን፣ ሰው በመስኮት እያየን። ልቆጣው ስል ደግሞ የራሴ ጉድ መጣብኝ። ጫማው፣ ነጠላ ጫማው፣ የኪሮስ ጥያቄ... እኔስ ከማን ደብቄ ነው? እሱ ከእኔ ደበቀ፣ እኔ ከራሴ። ያቺን ሴት ብንገጫት ኖሮ ሁለታችንም ነበርን የገጨናት።

ስንደውልለት እንድሪስ መጥቶ ቤት አደረሰን። ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት። "ኧረ እትዬ፣ እኔ መቼ ሰማሁዎት" አለኝ።

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

ሐኪም ቤት። ሜላት ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ይዛኝ ሄደች። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ቀስ ብሎ ያወራል።

"የእግርዎን ጣቶች ወደ ላይ ይሳቡልኝ።"

ቀኙ ተሳበ። ግራው ተኝቶ አየኝ። "ይሳቡት" አለ። "እየሳብኩት ነው" አልኩ። የእውነቴን ነበር፤ በሙሉ ኃይሌ።

ነርቭ ነው። ከወገብ የሚመጣ። ይመለሳል? "የአንዳንዱ ሰው ይመለሳል፣ በጣም ቆይቷል ግን።" የቀኙም መድከም ጀምሯል። መኪና አይነዱም አለኝ። አውቶማቲክስ? አለችው ሜላት። "እሱንም።"

ከዘራ ገዛችልኝ። ጠላሁት።

ጳጉሜ 2፣ እሑድ

አባይነህ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዛሬ አራተኛ ቀኑ። ሜላት በታክሲ ልታዞረው ሞከረች፤ "የማላውቀው ሰው ማርሽ ሲቀይር መንገዱ ይጠፋብኛል" ብሎ ግማሽ ላይ መልሺኝ አላት። ሹሮ ሠርቼ ነበር። ቀዘቀዘ።

መስከረም 1

አዲስ ዓመት። ሜላት አበባ ይዛ መጣች። እሱ አልተነሳም።

መስከረም 9፣ ዓርብ

ትናንት እንድሪስ ደውሎ "በሦስት ቀን አንዴ ካላስነሷት ባትሪዋ ይሞታል" አለኝ። ጠዋት ቁልፉንና ያንን ከዘራ ይዤ ወጣሁ። ማርሹ ነፃ መሆኑን አየሁ። የእጅ ፍሬኑን ሁለቴ ሳብኩት። አስነሳኋት። መሪውን ይዤ የግቢውን ግንብ እያየሁ ተቀመጥኩ። መንዳት እወድ ነበር። ይሄንን ለማንም ብዬ አላውቅም፤ ለእሱ ብዬ የምነዳ አስመስዬ ነው የኖርኩት።

ግድግዳው ላይ እጅ ሲንሸራተት ሰማሁ። ፒጃማውን እንደለበሰ ነው። በሩን በዳሰሳ አግኝቶ ከፈተው።

"ተነሺ። ቦታዬ ነው።"

"አብደሃል?"

"መኪናዋን አላንቀሳቅሳትም። ተነሺ።"

ተነሳሁ። በከዘራ ዞሬ በእሱ ቦታ ተቀመጥኩ። እሱ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ግራ እግሩን ሰደደ። ጠቅ። እኔም ሰማሁት። ምን ያህል ትንሽ ድምፅ ናት... ይቺ ናት ለካ።

"ያዝኩልሽ" አለ። "አስገቢ።"

እጄን የማርሹ እጀታ ላይ አደረግኩ። ኋላ ማርሽን ነው የመረጥኩት፣ በጣም የምትጮኸውን። ሳትጮህ ገባች። አወጣሁት። አንደኛ። ሁለተኛ። ሦስተኛ። አንድም ድምፅ የለም። እሱ እግሩን ቢያነሳ ግንቡ ላይ ነን። ግን እየፈራሁም ቀጠልኩ፣ መልሼ ሁለተኛ አስገባሁ።

"የት ነን?" አለኝ።

ቸርችል ልለው ነበር። አፌ ላይ ነበር። ግን ከሰኔ ጀምሮ ስንዋሽ ነው የከረምነው።

"ግቢ" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ። እግሩን አላነሳም።