ልጅቷ ለብቻዋ የተጠየቀች ለት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5
ልብስ ሳጥብ ዋልኩ። ወገቤማ... ተዪው። የልጄ ልጅ ከትምህርት ቤት መጥታ፣ ሆዷን ይዛ ጥቅልል ብላ ተኛች። ምነው ብላት «ምንም»። ከሰሞኑ ሁሉ ነገር ምንም ነው። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላት ልጅ! እናቷ ሌላ ከተማ ሥራ ላይ ናት፤ እኔኑ ነው እማዬ የምትለኝ። ታዲያ ለእማዬ የሚነገረው «ምንም» ብቻ ነው?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7
ከጤና ምርምር ነን ያሉ ሁለት ሴቶች መጡ። አንዷ ቀጭን፣ አንዷ ደንዳና። ቤት ለቤት እየዞሩ ወጣቶችን ይጠይቃሉ። ስለ ወር አበባ፣ ስለ ፍቅር ጓደኛ፣ በዚያ በኩል ስለሚይዝ በሽታ... ግቡ አልኩ። ከገቡ በኋላ ቀጭኗ፣ ለብቻዋ ነው የምናነጋግራት አትለኝም? በገዛ ቤቴ! ወንበሬን ስቤ መሀላቸው ቁጭ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

ይሄኔ ደንዳናዋ «እማማ፣ ለእርስዎም ጥያቄ አለኝ፤ ደጅ ነፋሻ ላይ እንሁን» አለችኝ።

ለኔ! ስንት ወለዱ፣ ውሃ ከየት ይቀዳሉ፣ ጉልበትዎን ያምዎታል ወይ... ጉልበቴን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው አለ እንዴ? ከአማቴ ጀምሬ ለቀቅኩት። ሴትዮዋ እጇ እስኪዝል ጻፈች። ሊሄዱ ሲሉ ልጅቷ ዓይኗ ቀልቷል። ምን ብለዋት ይሆን?

ዓርብ፣ ጥቅምት 8
ገባኝ! ድስት ስፈትግ ነው የገባኝ። ያቺ ሴትዮ ከቤት ልታስወጣኝ ነው የጠየቀችኝ። ጉልበቴ ምኗም አይደለ! እንደ ሕፃን አባብላ ደጅ አወጣችኝ። ተናደድኩ፣ ተናደድኩና... ብቻዬን ሳቄ መጣ። የአማቴን ጉድ ያን ያህል ሰዓት መስማት ቀላል ነው?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12
ጠዋት ልጅቷ፣ ጤና ጣቢያ ሂጂ ብለውኛል፣ አብረሽኝ ትሄጃለሽ ወይ አለችኝ። ነጠላ ጫማዬን አጥልቄ ተነሳሁ። እዚያ ለብቻዋ አስገቧት። አሁንስ ለምዶብኛል፤ አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ። ቆይታ ራሷ በሩን ከፍታ ግቢ አለችኝ።

ነርሷ ነገረችን። ኢንፌክሽን ነው፤ ከሰው የሚተላለፍ። ወደ ማህፀኗ መውጣት ጀምሯል። ቢቆይ ኖሮ ነገ መውለድ ሊከለክላት ይችል ነበር... አሁን ግን በመድኃኒት ይድናል። ከማን? ልል አፌን ከፈትኩ። ልጅቷ አየችኝ። ያ አስተያየት!

«መድኃኒቱ ከምግብ በፊት ነው በኋላ?» አልኩ።

መንገድ ላይ፣ ለማታውቂያት ሴት ስትነግሪ ለኔ ምነው አልኳት።

«አንቺማ ሳልጨርስ ትጀምሪያለሽ።»

እውነቷን ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14
ዛሬ ሕመሙ ቀለል ብሏታል። እነዚያን ሁለት ሴቶች እግራቸውን ያበርታልኝ። ቀጭኗንም፣ ያቺን አታላይም።

እሑድ፣ ጥቅምት 24
መድኃኒቱን ጨርሳ ትናንት ታየች። ድናለች። ተመስገን። ተመስገን ብዬ አልጠግብም።

ከሰዓት ድንች ጥጄ እዚያው ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብያለሁ። መጣችና ጎኔ ተቀመጠች። ሳልጠይቃት ጀመረች... ስለ ልጁ። እንዴት እንደተዋወቁ፣ ታከም ስትለው መጀመሪያ እንዴት እንደሸሸ፣ ኋላ እሱም ሄዶ መታከሙን። ለኔ መንገሩን ከበሽታው ይልቅ እንደፈራችው። ምላሴ ስንቴ ተነሳ! ስንቴ መለስኩት! ድንቹ ማረር ጀመረ። ብነሳ ታቆማለች... አልተነሳሁም። ጭሱ ቤቱን ሞላው።

«እማዬ፣ አረረ'ኮ።»

«ይረር። ጨርሺልኝ።»